ዘ ዊትነስ፦ የቀርከሃው ጫካ ሰሌዳዎች ላይ ተጣብቄያለሁ፤ ፍንጭ እንጂ መልስ አልፈልግም

በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 4፡10

ጤና ይስጥልኝ። ዘ ዊትነስን የተጫወታችሁ ካላችሁ እስቲ አግዙኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ይህ የኮምፒውተር ጨዋታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የወጣ ሲሆን ጆናታን ብሎው የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት የደከመበት ሥራ ነው። ሰው የማይታይበት ደሴት ላይ ብቻህን ትዘዋወራለህ። ተኩስ የለም፤ የሚያሳድድህ ጠላት የለም፤ ነጥብ አይቆጠርም። በየዱሩና በየፍርስራሹ ሰሌዳዎች ቆመዋል። ከክቡ መነሻ ጀምረህ እስከ መውጫው ድረስ አንድ መስመር ትስላለህ፤ ሥራህ ይኸው ነው። ከ500 በላይ ሰሌዳ አለ። የእንቆቅልሾቹን ሕግ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን አታገኝም። ቀላሉ ሰሌዳ ለከባዱ ያዘጋጅሃል እንጂ ቆሞ የሚያስተምርህ የለም።

ጥቁርና ነጭ ካሬዎችን በመስመሩ መለያየት እንደሚገባ ያወቅሁት እየሞከርኩ ነው። የፖም ዛፎቹ ዘንድ ስደርስ ደግሞ መልሱ ሰሌዳው ላይ እንኳ አልነበረም። ሰሌዳው የቅርንጫፍ ቅርጽ አለው፤ ቀና ብለህ ዛፉን ስታይ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ፖም ተንጠልጥሏል፤ መስመርህን ወደዚያ ትወስዳለህ። ይህ በገባኝ ጊዜ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ክፍሉን መዞር ጀመርኩ። በረሃው ፍርስራሽ ላይም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑ ሰሌዳው ላይ የሚያንጸባርቅበትን አቅጣጫ ፈልገህ ስትቆም የተደበቀው መንገድ ይታይሃል።

አሁን የቀርከሃው ጫካ ያዘኝ። ሰሌዳዎቹ ላይ የትኛው መንገድ ትክክል እንደሆነ የሚጠቁም ነገር አላየሁም። ጥላ ፈለግሁ፤ የለም። ነጸብራቅ ፈለግሁ፤ የለም። ቀርከሃዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የምጫወተው ቤተሰብ ከተኛ በኋላ በላፕቶፕ፣ ድምፁን ዘግቼ ነው፤ ስለዚህ የሚረብሸኝ የለም፤ ልቤን ሰብስቤ ነው የማየው።

መልሱን እንዳትነግሩኝ አደራ።


የጣርማበር ጉም (ደብረ ሲና)
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 4፡35

ወንድሜ፣ እንኳን እዚያ ደረስክ። ከደሴቱ ሁሉ የምወደው ቦታ ነው።

ፍንጭ በጥያቄ ልስጥህ። ፖሙን ያገኘኸው ዓይንህን ከሰሌዳው ስላነሣህ ነው። በረሃው ላይ ደግሞ የቆምክበትን ቦታ ቀየርክ። ጫካው ውስጥስ ከሌላው የደሴቱ ክፍል የሚለየው ምንድን ነው? የሚታየውን ብቻ አትቁጠር።


ቶሎ ቶሎ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል? የእያንዳንዱ ሰሌዳ መልስ በቪዲዮ ተቀርጾ ዩቲዩብ ላይ አለ። እኔ ግማሹን እያየሁ ነው የጨረስኩት። ሰው ሥራ አለው፣ ትምህርት አለው፤ አንድ ሰሌዳ ላይ ሳምንት መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው። የጫካው መልስ ይኸውና፦

[በአወያዩ ተሸፍኗል። ጠያቂው መልስ እንዳይነገረው ለምኗል፤ ይከበርለት።]


መምህር ዘመሐል ሜዳ (መንዝ)
ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 7፡00

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይህን ጨዋታ ያሳዩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። «ጊዜ ማባከን» ለተባለው አንድ ነገር ልበል።

ልጆች ሳለን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ይባላል። ያላወቀ ልጅ መልሱ በነጻ አይነገረውም። «አገር ስጠኝ» ይባላል። ትንሽ መንደር ቢሰጥ ጠያቂው «አልፈልግም» ይላል፤ እስኪረካ ድረስ አገር ያስጨምራል። ከዚያ «እዚያ አገር ገብቼ፣ ምን አጥቼ» እያለ ሲሞላቀቅ ያልመለሰው ልጅ ፊቱ እየቀላ ይሰማል። በመጨረሻ «ጤዛ!» ይለዋል። ያ ልጅ በነጋታው ከብት ይዞ ሲወጣ ሣሩ ላይ ጤዛውን ያያል፤ በምሳ ሰዓት ሲመለስ ያጣዋል። ያን እንቆቅልሽ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

መልሱ ዋጋ ነበረው፤ ልብ በሉ። አያቶቻችን መሸነፍን አልከለከሉም፤ በነጻ መሸነፍን ግን ከለከሉ። ልጄ ቶሎ ቶሎ፣ ቪዲዮ ማየትህን አልነቅፍብህም፤ ለሌላው ሳይጠይቅህ መንገርህ ግን ያ ልጅ የሚያገኘውን ጤዛ አስቀድሞ መርገጥ ነው።

ስለዚህ በዚህ ክር ላይ አንድ ሥርዓት ብናበጅ ምን ይመስላችኋል? መልስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ምን ምን እንደሞከረና ለምን እንዳልሠራ በዝርዝር ይጻፍ። ያ ነው አገር መስጠት። በሬሳ ማዶ ጥላውን፣ ነጸብራቁን፣ ቀርከሃውን ዘርዝሮ ጽፏል፤ ስለዚህ ፍንጭ ይገባዋል። የእኔ ፍንጭ ይህች ናት፦ ልጄ፣ ዝናብ ሲያባራ ተጫወት።


ቆላዋ (ሸዋ ሮቢት)
ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 9፡15

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። እናንተ ደጋ ያላችሁት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይሰማማም፤ እርስዎ የጻፉት ፍንጭ ለዚያ አገር ሰው የተቆረጠ ነው።


በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 5፡50

ገባኝ! ከዚህ በታች የጫካው ምሥጢር ስላለ ያልተጫወታችሁ ዝለሉት።

ትናንት የመምህርን መልእክት ሳነብ በመጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለጉ አላወቅሁም። ዛሬ ወደ ማታ ዝናቡ ቆመ። «ሲያባራ» የሚለው ቃል አእምሮዬ ውስጥ ሲመላለስ ቆየና የእህቴን ማዳመጫ ለምኜ ሰካሁት። ጫካው ውስጥ ወፎች ይዘምራሉ! አንዷ ቀጭን፣ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ መካከለኛ። ድምፁ ከፍ ሲል መስመሩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ዝቅ ሲል ወደ ታች። ሰሌዳው በእጅ እንደተጻፈ ዜማ ሆነ።

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ደሴቱ ከገባሁ ጀምሮ ሲናገረኝ ነበር። ማንም «አድምጥ» የሚል ሰሌዳ አልለጠፈም፤ ያም ሆኖ ፍትሐዊ ነው፤ ወፎቹ እዚያው፣ ሰሌዳው ፊት ለፊት ናቸው። የምወደው ይህን ነው። መልሱ ሩቅ አገር አይደበቅም፤ እፊትህ ተቀምጦ እንድትለወጥ ይጠብቅሃል።

የጣርማበር ጉም፣ «የሚታየውን ብቻ አትቁጠር» ያልከኝ አሁን ነው የገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።


የጣርማበር ጉም (ደብረ ሲና)
ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 6፡05

እንኳን ደስ አለህ። ቀጣዮቹ ሰሌዳዎች ላይ ሌሎች ድምፆች ጣልቃ እየገቡ ያስቸግሩሃል፤ የትኛውን መስማት እንዳለብህ መለየት ይኖርብሃል።

ቪዲዮ እያዩ መጨረስ ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በየደሴቱ ክፍል ሰሌዳዎቹ ሲፈቱ የሚበሩትን አሥራ አንዱንም የብርሃን ጨረሮች ያበራ ሰው ከተራራው በታች ባለው ዋሻ ውስጥ አንድ ፈተና ያገኛል። የኤድቫርድ ግሪግ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ሙዚቃው ሳያልቅ ሰሌዳዎቹን መጨረስ አለብህ። ሰሌዳዎቹ በየሙከራው አዲስ ሆነው ይፈጠራሉ። የዛሬው የነገው አይደለም፤ የእኔ የአንተ አይደለም። የማንም ቪዲዮ አያድንህም። እስከዚያ ድረስ በቅጂ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ሕጎቹን አያውቃቸውም፤ በሌላ ሰው እጅ ነው የሳላቸው። ሠሪው ለዚህ ብሎ አድርጎት እንደሆነ አላነበብኩም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው።


አንኮበሬዋ (አንኮበር)
ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 4፡30

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። መምህር ያወጡት ሥርዓት መልካም ነው፤ ለእኔ ግን የሚጎድለው አለ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ከፍ ያለ የወፍ ድምፅ ጭራሽ አይደርሰኝም። ዝናብም ይዝነብ፣ ያባራም፣ ለእኔ ጫካው አንድ ነው። በሬሳ ማዶ «ፍትሐዊ ነው» ሲል ለእርሱ ትክክል ነው። ለእኔ ሰሌዳዎቹ ባዶ ናቸው፤ ዓመት ባያቸውም ባዶ ናቸው። አገር ስጪ ብባል የምሰጠው አለኝ፤ መልሱን ሲነግሩኝ ግን ጤዛውን አላየውም።

ያም ሆኖ ጨዋታውን አላቋረጥኩም። ተራራውን ለመክፈት ከአሥራ አንዱ ጨረር ሰባቱ ይበቃሉ። ጫካውን ትቼ በጥላው፣ በረግረጉ፣ በገዳሙ በኩል ሄጄ ሰባቱን ሞላሁ። ገዳሙ ውስጥ በመስኮቶቹ በኩል ዛፉን እያዩ የሚፈቱት ሰሌዳዎች አሉ፤ እዚያ ከማንም አልዘገየሁም። ተራራው ተከፈተልኝ። ሠሪው በሩን ለአንድ ቁልፍ ብቻ ባለማድረጉ አመሰግነዋለሁ። ቀለም የማይለዩ ሰዎችም አንድ ክፍል ላይ እንደዚሁ ይቸገራሉ፤ ለእነርሱም ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው።

አሥራ አንዱን ጨርሶ ዋሻው መግባት ግን እፈልጋለሁ። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው መልስ መንገር እንደ ነውር እንዳይቆጠር ነው የምጽፈው።


መምህር ዘመሐል ሜዳ (መንዝ)
ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 7፡10

እኅቴ፣ ልክ ነሽ። ይህን ማንበቤ ጠቅሞኛል፤ ላስብበት።


ኮድ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡40

ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የአንኮበሬዋ ነጥብ አንድ ሌላ ጨዋታ አስታወሰኝ፤ ፌዝ ይባላል፤ እንደ ፈረንጆች በ2012 ነው የወጣው። በውስጡ ለጨዋታው ብቻ የተፈጠረ ፊደል አለ። የሚፈታው እንዲህ ነው፦ ቀበሮና ውሻ የሚታዩበት ቦታ አለ፤ እዚያ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መተየብ የተማሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት፣ ሃያ ስድስቱንም ፊደላት የያዘ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን የሚያውቅ ሰው አንዴ ሲያየው ፊደሉ ሁሉ ይገለጥለታል። ፈጣን ቡኒ ቀበሮ ሰነፍ ውሻ ላይ ስትዘል የሚል ነገር ሰምቶ የማያውቅ የመንዝ ልጅ ግን ከየት ያመጣዋል? ፊደላቱን እየቆጠረ በድግግሞሻቸው ሊፈታው ይችላል፤ መንገዱ ግን ለእርሱ እጅግ ይረዝማል።

ለዚህ ነው ፖሙ የሚበልጥብኝ። ዛፍ፣ ቅርንጫፍ፣ ፍሬ። ማንበብ የማትችል አያቴም ትፈታዋለች።

እዚያው ፌዝ ውስጥ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ምሥጢሩ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ቁልፎችን መጫን ነው። ተጫዋቾች ፍንጩን ፈልገው ሲያጡ ተከፋፍለው ሊሆኑ የሚችሉትን ቅደም ተከተሎች አንድ በአንድ ሞከሩ፤ ጨዋታው በወጣ ብዙም ሳይቆይ አገኙት። መልሱ ዛሬ ይታወቃል። ሠሪው በምን መንገድ እንዲደረስበት እንዳሰበ ግን ሁሉንም ያስማማ ማብራሪያ የለም። እንዲህ ያለው እንቆቅልሽ ይባላል ወይስ የተቆለፈ ሣጥን? መምህር፣ የእርስዎን ሐሳብ እፈልጋለሁ።


ቶሎ ቶሎ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ያልኩትም ይኸው ነው! እነዚያ ሰዎች ተባብረው በሩን ሰበሩት፤ ማንም ነውር ነው አላላቸውም። መልስ መካፈል ለምን በእኔ ላይ ሲሆን ይከፋል?


መምህር ዘመሐል ሜዳ (መንዝ)
ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 8፡20

ሁለታችሁንም ልመልስ።

ኮድ ጸሐፊ፣ እኔ አንድ መለኪያ አለኝ። መልሱ ሲነገርህ ሌላ ማስረጃ ሳትጠይቅ «አዎ፣ ይኸው ነው» ካልክ እንቆቅልሽ ነው። «ጤዛ» ሲባል ማንም አይከራከርም። የወፎቹን ዜማ የሰማ ሰውም አይከራከርም። ቅደም ተከተሉ ተነግሮህ «እሺ፣ ይሁን፤ ግን ለምን?» የምትል ከሆነ የጠያቂው ሥራ አላለቀም። መደበቅ ቀላል ነው። ማንም ሰው አንድ ነገር ቀብሮ «ፈልጉ» ማለት ይችላል። ችሎታው ያለው ከተገኘ በኋላ «እንዴት ሳላየው ቀረሁ!» እንድንል ማድረግ ላይ ነው። የጥቁሩ ድንጋይ ክብር ለሠሪው ሳይሆን ለፈላጊዎቹ ነው።

ቶሎ ቶሎ፣ ክርክርህ ተገቢ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ማንም መልሱን በማያውቅበት ጊዜ አብረው ፈለጉ። አብሮ መፈለግና የተገኘውን ላልጠየቀ ማፍሰስ አንድ አይደሉም። አብረህ ብትፈልግ እኔ ካንተ ጋር ነኝ።


ቆላዋ (ሸዋ ሮቢት)
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 1፡30

አብሮ መፈለግ ካላችሁማ አኒማል ዌልን እዩት፤ ቢሊ ባሶ የሠራው፣ በ2024 የወጣ። በጨለማ ዋሻ ውስጥ የምትዞር ትንሽ ፍጡር ነህ። ምሥጢሩ ተደራራቢ ነው፤ ጨረስኩ ስትል ከሥሩ ሌላ ይወጣል። አንዱ ምሥጢር 50 ቁራጭ ያለው የጥንቸል ሥዕል ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚደርሰው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ብቻህን ዓመት ብትጫወት ሥዕሉን አትሞላውም። ሌላ ሰው መጠየቅ የጨዋታው ሕግ ሆነ ማለት ነው! ቶሎ ቶሎ እዚያ ቢገባ ሁሉም ይወደው ነበር።

ላፕቶፕ የሌላችሁ ደግሞ በስልክ የሎው የሚባለውን ሞክሩ። ባርት ቦንቴ የተባለ ቤልጂየማዊ ብቻውን የሠራው ነው። 50 ደረጃ አለው፤ በሁሉም ላይ የሚጠየቀው ስክሪኑን ቢጫ ማድረግ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉ አይነገርም። ምሳ ሰዓት ላይ አብረውኝ ለሚሠሩት ሰጠኋቸው፤ አሁን ስልኬን አይመልሱልኝም። በኋላም በቀይ፣ በጥቁር፣ በሰማያዊ ሌሎችን ሠርቷል።


በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 3፡45

አንኮበሬዋ፣ መልእክትሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሳስብ ነበር። ጫካውን በሙሉ ጨርሻለሁ። የእያንዳንዱን ሰሌዳ መስመር ሥዬ ፎቶ አንሥቼ ልላክልሽ? በግል መልእክት ይሻላል ወይስ እዚህ ተሸፍኖ?


አንኮበሬዋ (አንኮበር)
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 6፡20

እግዜር ያክብርልኝ። መስመሩን ግን አትሣልልኝ። ወፎቹ የሚሉትን ጻፍልኝ። «ቀጭን፣ ወፍራም፣ መካከለኛ» እያልክ በቅደም ተከተል፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። እናንተ በጆሯችሁ ያገኛችሁትን እኔ በዓይኔ ላግኘው፤ መስመሩን እኔ እሥለዋለሁ።

መምህር፣ ያሰቡበት ይህ ይሁን? ለእኔ የጎደለኝ መልሱ አይደለም፤ ፍንጩ ነው።


መምህር ዘመሐል ሜዳ (መንዝ)
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 7፡05

እኅቴ፣ እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ነው የደረስሽው። ክፍሌ ውስጥ ሁለት የማይሰሙ ልጆች አሉኝ፤ ለእነርሱ መልሱን ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸው ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ጥያቄውን እጽፍላቸዋለሁ።

አወያይ፣ ሥርዓቱ ላይ ይጨመር፦ ፍንጩ የማይደርሰው ሰው ፍንጩ በሚደርሰው መልክ ይሰጠው፤ ለዚያ አገር አይጠየቅም።

[አወያይ፦ ተጨምሯል።]


በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡00

ዛሬ ዝናቡ አላባራም፤ ማዳመጫ አድርጌም ጣሪያው ይጮሃል። ነገ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል አዳምጬ እጽፋለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የኋለኞቹ ሰሌዳዎች ላይ ጣልቃ የሚገቡትን ድምፆች ልዝለላቸው? ለአንኮበሬዋ እንዳያስቸግሯት ብዬ ነው።


የጣርማበር ጉም (ደብረ ሲና)
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡15

አትዝለል። የሰማኸውን ሁሉ እንደሰማኸው ጻፍላት፤ ወፉንም፣ ወፍ ያልሆነውንም። የቱ እንደሚቆጠር መለየት የእርሷ ድርሻ ነው።


አንኮበሬዋ (አንኮበር)
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡22

አዎ፣ ሁሉንም። ጠዋት እጠብቃለሁ።